የድሮ ቮልስ ላላችሁ፦ ታይሚንግ የሚያውቁ መካኒክ ልጠቁማችሁ

መጀመሪያ ምስጋናዬ ይቅደም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ለሚሠሩት አንጋፋ መካኒክ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

መኪናዬ በፈረንጆች የ1967 ሞዴል 1300 ቮልስ ናት። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች በጣም ነው የምሳሳላት። ሰሞኑን ዳገት አልወጣ አለች። ሞተሯ ይግላል፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። አንዱ ጋራዥ ካርቡራተር ቀይር አለኝ፤ ሌላው ሞተሩ ይውረድ አለ።

ጋሼ ግን ስለ ዕቃ ከማውራታቸው በፊት ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈቱ። «ልጄ፣ ካርቡራተሩን ተወው። እሳቱ ዘግይቶ ነው» አሉኝ። ታይሚንግ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው፤ መስጠት ያለበትም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዘገየ ጉልበቱ ይባክንና ሙቀት ብቻ ይተርፋል። ቮልስ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ ይህን አይችልም። ከልክ በላይ ከቀደመም ዳገት ላይ ያንኳኳል፣ ውሎ አድሮ ፒስተን ይጎዳል።

የማረከኝ አሠራራቸው ነው። በመጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን የኮንታክት ፖይንቱን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካከሉ። ይህ ሳይቀድም ታይሚንግ መንካት ከንቱ ድካም ነው፤ ክፍተቱ በተቀየረ ቁጥር ታይሚንጉም ይዛባል። ቀጥለው ሞተሩን በእጅ አዙረው የፑሌጃውን ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር አገጣጠሙ። ምልክቱ ለእኔ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ከኮይሉ ጋር ትንሽ አምፖል አያይዘው ቁልፉን ብቻ ከፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን በጣታቸው ወደ ግራ ቀስ እያደረጉ መለሱት። አምፖሏ ቦግ ስትል እጃቸውን ቀጥ አድርገው ብሎኑን አጠበቁ። በዚህም አልበቃቸውም፤ ሞተሩን እንደገና አዙረው አምፖሏ እዚያው ምልክት ላይ መብራቷን አረጋገጡ። ይህችን ስንቱ ይዘላታል!

አንድም ዕቃ ግዛ አላሉኝም። የተቀበሉኝ የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱንም ሲበዛ ትንሽ። አሁን ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የሞተሩ አዟዟር) ጸጥ ብሏል፣ የእንጦጦን ዳገትም ሳታቃስት ወጣችው።

የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ መኪናዋን ማታ እዚያው አሳድሯት ወይም በጠዋት አድርሱላቸው። ቫልቩንም አብረው ስለሚያስተካክሉ የሞቀ ሞተር አይነኩም።