ደሴ ላይ ዲሽና ዋይፋይ ላስቸገራችሁ፣ ይሄን ልጅ ጥሩት

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። እንዴት ናችሁ። ብዙ ጊዜ ስለ ሰራተኛ የምንለጥፈው ስንናደድ ነው፣ ዛሬ ግን ለማመስገን ነው የመጣሁት። ቤታችን ዲሹንም ዋይፋዩንም ያስተካከለልን አራዳ አካባቢ የሚሰራ ልጅ አለ፣ ወላሂ እንደሱ አይነት ባለሙያ አላጋጠመኝም፣ ምክንያቱም ልገዛው ብር የያዝኩለትን እቃ አትግዢ ብሎ ነው ስራውን የጀመረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት ሁለት ዲሽ አለ። እማ የቁርአን ቻናሎቿን ከናይል ሳት ነው የምታየው፣ ወንዶቹ ደግሞ ኢቢሲ፣ ፋና፣ አሚኮ እያሉ ኢትዮ ሳት ላይ ናቸው። ናይል ሳቱ ደህና ነው፣ ኢትዮ ሳቱ ግን አንዴ ይመጣል አንዴ ድርግም ይላል፣ የመጣ ባለሙያ ሁሉ "ሪሲቨሩ ሞቷል" ይልና አዲስ እንድንገዛ ይነግረናል፣ አንዱማ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ ሲግናል የምትቀበለዋን እቃ) ቀይሮ ብሩን ተቀብሎ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ያው "ኖ ሲግናል" መጣ።

ይሄኛው ልጅ ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ጠየቀ። መቼ መቼ ነው የሚጠፋው? ቀን ነው ማታ? ዝናብ ሲዘንብ ነው? እማ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ኧረ እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ይብሳል" አለችው። ተነስቶ ጓሮ ሄደና የኢትዮ ሳቱን ዲሽ ከታች ወደ ላይ እያየ ሳቀ። ለካ የልብስ ማስጫው ገመድ አንዱ ጫፉ ዲሹ የቆመበት ቱቦ ላይ ነው የታሰረው። ቅዳሜ ልብስ ታጥቦ እርጥብ ጋቢና ብርድ ልብስ ሲሰጣበት ቱቦው ወደ ጎን ይሳባል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። "እማማ፣ ሪሲቨርዎ ምንም አልሆነም፣ ጋቢዎ ነው ሳተላይቱን ያጠፋው" አላት፣ እማ እስካሁን ለጎረቤት ሁሉ እያወራችው ነው።

እሱ ግን በሳቅ አላለፈውም፣ በአይናችን አሳየን። እኔን ሪሞቱን አስይዞ የሲግናል ገጹ ላይ አስቀመጠኝና ወንድሜን ገመዱን ሳብ አድርግ አለው። ሁለት መስመር አለ አይደል፣ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። ገመዱ ሲሳብ ስትሬንግዙ ሙሉ እንደሆነ ቁጭ ብሏል፣ ኳሊቲው ግን ወርዶ ወርዶ ዜሮ፣ ገመዱ ሲለቀቅ ደግሞ ተመልሶ ወጣ። ስትሬንግዝ ማለት ኤልኤንቢውና ኬብሉ መገናኘታቸውን ነው የሚያሳየው፣ ሳተላይቱን መያዝ አለመያዙን የሚነግራችሁ ኳሊቲው ነው አለን። ስለዚህ ስትሬንግዙ ሞልቶ ኳሊቲው ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዲሹ አቅጣጫ ነው። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ስለሆነ እዚህ ጣት የምታክል ማዘንበል እዚያ ትልቅ መሳት ናት። ይቺን እኮ ማንም አልነገረንም!

ሌላ ደስ ያለኝ፣ ወንድሜ "ለምን ባንድ ዲሽ አታደርግልንም፣ አንዱን ሸጠን እንገላገል" ሲለው በትእግስት አስረዳው። ናይል ሳት በምእራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ ስለዚህ ደሴ ላይ የሱ ዲሽ ፊቱ ወደ ምእራብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ነው። ኢትዮ ሳት ከ2012 ጀምሮ ያለበት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት ደግሞ በምስራቅ 57 ዲግሪ ነው፣ የሱ ዲሽ ጀርባውን ለጦሳ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ምስራቅ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። የዚህን ያህል የተራራቁትን ባንድ ዲሽ አደርግላችኋለሁ የሚላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። ሁለቱ ዲሾች በስዊች ተገናኝተው ባንድ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ ይገባሉ፣ በቃ። ኢትዮ ሳቱን ራሳችሁ መፈለግ ከፈለጋችሁ ፍሪኩዌንሲው ላይ 11105፣ ፖላራይዜሽኑ ላይ ኤች፣ ሲምቦል ሬቱ ላይ 45000 አስገቡ ብሎ ወረቀት ላይ ጽፎልን ሄዷል፣ ግን የድሮው ኤችዲ ያልሆነ ሪሲቨር አይዘውም፣ እሱ ላለው ሰው ብቻ ነው ሪሲቨር ቀይር የምለው አለ።

ከዛ ገመዱን ፈትቶ ቱቦውን በሲሚንቶ አጠናከረ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። የኬብሉን ጫፍ ሲፈታው ውስጡ ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ በፒንሳ ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር አስገብቶ በናስትሮ ጠቀለለውና ኬብሉን ከኤልኤንቢው ስር ቁልቁል ጎበጥ አድርጎ አሰረው፣ ውሃው ወደ ኮኔክተሩ ሳይሄድ እዛ ላይ እንዲንጠባጠብ። እማ ታች ሆና "አንተ ልጅ ከቆርቆሮው ወድቀህ ጉድ እንዳትሰራኝ" እያለች፣ እሱ "አብሽሪ እማማ" እያለ። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ለትንሽ ጊዜ የሚጠፋው ግን ያለ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል፣ ለሱ እንዳትደውሉልኝ ብሏል።

ዋይፋዩ ደግሞ ሌላ ጉድ። ፋይበር አስገብተን ወርሃዊውን በቴሌብር እየከፈልን ጓዳ ያለው ክፍል አይደርስም፣ ጅዳ ያለችው እህቴ በኢሞ ስትደውል እማ ስልኩን ይዛ ሳሎን ለሳሎን ትዞራለች፣ እኔም ፍጥነቱን ላሳድግ ብዬ ወስኜ ነበር። ልጁ ሳሎን ራውተሩ አጠገብ በስልኬ ፍጥነቱን ለካ፣ የምንከፍልበት ሙሉ ነው። ጓዳ ሄዶ ለካ፣ የለም። "መስመራችሁ ምንም አልጎደለውም፣ ብር ብትጨምሩም ጓዳ የሚገባው ያው ነው" አለ። ራውተሩ ቢፌ ውስጥ ከቲቪው ኋላ ተደብቆ፣ መሀል ላይ ደግሞ ያ የድሮ የድንጋይ ግድግዳ። ራውተሩን አውጥቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የነበረውን የድሮ ሞደም ደግሞ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ኬብል አገናኝቶ እዚያም ዋይፋይ እንዲሰጥ ጓዳ አስቀመጠልን። የገዛነው ኬብሉን ብቻ ነው።

ሲሄድ የነገረንን እዚህ ልጻፈው ለሌላውም ይጠቅማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሳ ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ ያቺን ትንሽ ሪሴት የምትል ቀዳዳ በመርፌ አትንኩ፣ የተሞላው ሴቲንግ ይጠፋና ዋይፋዩ ጭራሽ ያቆማል (ይሄ ለልጆች ነው)። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ አትጠፉት፣ ውስጡ ብርጭቆ ነው። ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ደግሞ እኔን ሳይሆን ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ፣ የውጭ መስመር የኔ ስራ አይደለም አለ። የማይችለውን አልችልም የሚል ባለሙያ ስንቴ አይታችኋል?

ዋጋውን አልጽፍም፣ እቃ በየጊዜው ይጨምራል። ግን የእጁን ዋጋ ስራ ከመጀመሩ በፊት ነው የሚነግራችሁ፣ ሲጨርስም ያው ነው። እንከን አለው ወይ ካላችሁ፣ አዎ፣ ጣራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሳም፣ ሶስት ሰአት እመጣለሁ ካለ አምስት ሰአት ጠብቁት፣ አርብ ከጁምአ በፊት ደግሞ አይሰራም። ቴክስት ብታደርጉለት ይሻላል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል፣ ግን ሁለት ሶስት ቤት ሆናችሁ ብትጠሩት ትራንስፖርቱ ይቀልላችኋል። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግኩ በኢንቦክስ ጠይቁኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት የሪሲቨራችሁን አይነትና ቤታችሁ የት ሰፈር እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የሚያስፈልገውን ይዞ ይመጣል።