ለ9 ወር የተጠቀምኩበት የብስክሌት ሰንሰለት መጠገኛ፦ የትኛው ዕቃ ሠራልኝ፣ የትኛው አልሠራልኝም

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በየቀኑ ከዓባይ ማዶ መሀል ከተማ ሥራ እሄዳለሁ፣ በብስክሌት። ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌቴ ፊት 3፣ ኋላ 7 ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ማለቴ ነው) ያለው ማውንቴን ሲሆን ያገለገለ ነው የገዛሁት።

አምና ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ሰንሰለቱ ይዘል ጀመር። ሰፈር ያለ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ካቻቢቴ አንስቶ ማርሽ ቀያሪው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አዞረና ገንዘቡን ተቀበለ። ሁለት ቀን ደህና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ትልቁን ማርሽ ሳስገባ ሰንሰለቱ ጥርሱን አልፎ ራጂዎቹ መሀል ገባ፣ ማርሽ ቀያሪውም ተጣመመ። ሁለት ሳምንት በባጃጅ ተመላለስኩ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ከመጀመሪያውም ብሎኖቹ ጋ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እቤት ራሴ እሠራዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። የአክስቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ከዱባይ ስትመጣ አንድ የመጠገኛ ስብስብ አመጣችልኝ፣ 85 ድርሃም። ስም የሌለው ርካሽ ዕቃ ነው። ውስጡ የሰንሰለት ፒን ማውጫ፣ የሰንሰለት መለኪያ፣ የማያያዣ ፒንሳ፣ ሦስት ጥንድ በእጅ የሚገጠም ማያያዣ አንጓ፣ ብሩሽ ያለው የማጠቢያ ሳጥንና ትንሽ የዘይት ጠርሙስ አለ። አሁን ሰኔ ነው፣ 9 ወር ሞላው።

ከሁሉም የጠቀመኝ መለኪያው ነው። ስገዛው ከምንም አልቆጠርኩትም ነበር፣ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው በቃ። ግን ሰንሰለት ምን ያህል እንዳለቀ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሰንሰለት ረዘመ ሲባል ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ ፒኖቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል፤ በየፒኑ ላይ የሚፈጠረው ትንሽ ትንሽ ክፍተት ሲደመር ነው ሰንሰለቱ የሚረዝመው። መለኪያ ከሌላችሁ ማስመሪያ ይበቃል። ከፒን መሀል እስከ ቀጣዩ ፒን መሀል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 አንጓ ቆጥራችሁ ስትለኩ 304.8 ታገኛላችሁ። 307 ከደረሰ ቀይሩት። 308 ካለፈ የኋላ ጥርሱም አብሮ የተበላ ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ቦታ ለኩ፣ ሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም።

እኔ ይህን እያወቅሁ ዘገየሁ። የካቲት ላይ መለኪያው ቀይር ብሎኝ ነበር፣ እስከ ሚያዝያ ቆየሁ። ከዚያ ኬኤምሲ የሚባል ለ7 ማርሽ የሚሆን ሰንሰለት ገዝቼ ገጠምኩ። አዲሱ ሰንሰለት ረጅም ሆኖ ነው የሚመጣው፣ መቆረጥ አለበት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሰቅላችሁ በርዝመት አታመሳስሉ፣ አሮጌው ረዝሟል። አንጓውን ቁጠሩ።

ሰንሰለቱን ገጥሜ ስወጣ 4ኛ ማርሽ ላይ ሲደርስ ዘለለ። ሌሎቹ ላይ ፀጥ ይላል፣ 4ኛው ላይ ብቻ ቋ፣ ቋ ይላል። ገባኝ። ሜዳ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምነዳው በ4ኛ ስለሆነ ያ ጥርስ ከአሮጌው ሰንሰለት ጋር አብሮ ተበልቷል፣ አዲሱ ሰንሰለት አይቀመጥበትም። የኋላውን ጥርስ በሙሉ መቀየር ግድ ሆነ። እሱን የሚፈታው ቁልፍ ስብስቡ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ቁልፉ ያለው ሰው ፈልጌ አስፈታሁ። የካቲት ላይ ብሰማው ኖሮ ሰንሰለት ብቻ ነበር የምከፍለው።

ፒን ማውጫው ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ ጫፉ ተሰበረ። ፒኑ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ ስለጠመዘዝኩት ነው። ተለዋጭ ጫፍ አብሮት ስለነበር ቀየርኩት። አሁን መጀመሪያ በጣቴ ቀስ ብዬ አዞራለሁ፣ መሀል ለመሀል መሆኑን ካየሁ በኋላ ነው እጀታውን የምጠቀመው።

ከሦስቱ ማያያዣ አንጓዎች ለኔ የሆነው አንዱ ጥንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ለ9 እና ለ10 ማርሽ ሰንሰለት ናቸው፣ እነሱ ቀጫጭን ስለሆኑ የ7 ማርሽ ሰንሰለት ላይ አይገቡም። ዕቃው ላይ ይህን የሚያስረዳ ነገር አልተጻፈም። የሆነው ግን ግሩም ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ፣ ሰንሰለቱን አውልቆ ማጠብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኗል።

የማጠቢያ ሳጥኑን አልወደድኩትም። ነጭ ጋዝ ሲሞላ በጎን ያፈሳል፣ ብሩሾቹም በሁለት ወር ረገፉ። አሁን ሰንሰለቱን አውልቄ በነጭ ጋዝ ነክሬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የማሸው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዘይት ታኅሣሥ ሳይደርስ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እጠቀማለሁ፦ በየአንጓው አንድ ጠብታ፣ ትንሽ ማቆየት፣ ከዚያ ውጭውን በጨርቅ ድርቅ አድርጎ መጥረግ። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። የሞተር ዘይት ግን አታፍስሱበት እባካችሁ። የኛን የበጋ አቧራ ሰብስቦ ያ ሞረድ ያልኩትን ነገር ይሠራል።

አሁን ወደ ማርሹ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነውና። ማርሽ እምቢ ሲል መጀመሪያ እነዚያን ሁለት ብሎኖች አትንኩ። አንዱ ላይ ኤች፣ አንዱ ላይ ኤል ይላል። ሥራቸው አጥር መሆን ነው፤ ሰንሰለቱ በትንሹ ጥርስ በኩል እንዳይወድቅ፣ በትልቁ በኩል ራጂ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላሉ። መሀል ላይ ላለ ችግር መፍትሔ አይሆኑም። የመሀሉ ጉዳይ የካቦ ነው። ካቦው ማርሽ ቀያሪው ጋ የሚገባበት ቦታ በእጅ የምትዞር ትንሽ ፍሬ አለች። ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ከዘገየ ካቦው ላልቷል ማለት ነው፣ ከኋላ ሆናችሁ ፍሬዋን ከሰዓት በተቃራኒ ሩብ ዙር አዙሯትና ሞክሩ። ወደ ትንሹ ለመውረድ ከዘገየ በሰዓት አቅጣጫ። ሩብ ሩብ ብቻ፣ በየመሀሉ ፔዳሉን እያዞራችሁ።

ይህ ካልሠራ ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ሊሆን ይችላል። የኔ ኅዳር ላይ እንደዚያ ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቶ። ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ግን አይመለስም፣ ምክንያቱም ሲለቀቅ የሚስበው ስፕሪንጉ ብቻ ነው፣ ዝገቱን አያሸንፈውም። ካቦና ሽፋን ቀየርኩ፣ ርካሽ ነው፣ ማርሹ አዲስ ሆነ። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ከነበረ ደግሞ ከኋላ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የማርሽ ቀያሪው ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር በአንድ መስመር ካልወረዱ የተሰቀለበት ብረት ተጣሟል። እሱ ሳይቃና የቱንም ብታዞሩ አይስተካከልም።

ስብስቡን ደግሜ እገዛዋለሁ? ሙሉውን አይደለም። መለኪያውን፣ ደህና ፒን ማውጫና ለሰንሰለቴ ልክ የሆኑ ሁለት ማያያዣ አንጓዎችን ለየብቻ እገዛለሁ። የማያያዣ ፒንሳው ባይኖርም ይቻላል፣ በጫማ ክር የሚፈቱ አሉ። ዝናቡ ስለጀመረ በዚህ ሳምንት ማታ ማታ ሰንሰለቱን አደርቃለሁ፣ ትናንት መለኪያውን አንጓዎቹ መሀል ላስገባው ሞከርኩ፣ ገና አልገባም፣ ሰንሰለቱ አላለቀም ማለት ነው።