«ቀጥታ ስርጭት» ተብሎ የተሸጠልኝ ያለፈ ኮንሰርት

ወገን፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ብቅ የሚል አንድ ሊንክ አለ። ሳትነኩት እለፉት። እኔ ነክቼው ነው የምነግራችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት ነበር። የዘፋኙን ስም አልጠራም፤ እሱ ምንም አላጠፋም። እማዬ ግን የዚህ ልጅ ዘፈን ሲከፈት ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት የምትወጣ ሴት ናት። ታዲያ ከኮንሰርቱ ፖስተር ሥር አስተያየቶቹን ሳነብ «በቀጥታ ለማየት እዚህ ይጫኑ፣ 20 ዶላር ብቻ» የሚል አገኘሁ። የጻፈው ገጽ የዘፋኙ ፎቶ አለው። ስሙም የሱ ነው ማለት ይቻላል፤ አንዲት ፊደል ብቻ ናት የተለወጠችው። ማን ፊደል ይቆጥራል?

ከፈልኩ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት በዚያ ወቅት እዚህ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እማዬ ድፎ ዳቦ ደፋች፤ ቄጤማ ነው ብላ የጓሮውን ሣር ጎዘጎዘች። እኔም ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኘሁ።

ስክሪኑ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ከ30 ደቂቃ ይጀምራል። ዜሮ ሲደርስ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ጥቂት ይታገሡን» ይልና እንደገና ከ30 ይነሳል። አቦል ላይ 30 ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ቶና ላይም 30 ደቂቃ ቀርቶናል። በረካ ላይ በመጨረሻ ዘፈኑ ጀመረ።

መጀመሪያ የነቃችው እማዬ ናት። «ይኼ ልጅ ጸጉሩን ተቆርጦ የለም እንዴ?» አለች። መልሶ አሳድጎት ይሆናል አልኳት። ቆይቼ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሳየው «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ ሥሩ ያለው ዓመተ ምሕረት ግን ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ከላይ ጥጉ ላይ «ቀጥታ» የሚል ቀይ ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። በጎን የሚወርዱት አስተያየቶችም፣ «ዋው ጥራቱ!» የሚሉት፣ በየጥቂት ደቂቃው በዚያው ስምና በዚያው ቅደም ተከተል ተመልሰው ይመጣሉ። ቁጭ ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

20 ዶላር ናት፣ ትሂድ ብዬ ተውኩት። ትልቁ ስህተቴ ይኼ ነው። በወሩ ከሒሳቤ ላይ 39.99 ዶላር ተነሳ። የወሰደው ድርጅት ስም ከሙዚቃ ጋር ምንም አይገናኝም፤ የስፖርት ቤት ነው የሚመስለው። በሚቀጥለው ወርም ደገመኝ። ተመልሼ ገጹን ሳየው ለካ ከክፍያው ቁልፍ ሥር፣ በጉንዳን ፊደል፣ «ወርኃዊ አባልነት» የሚል አለ። ካርዴን ዘግቼ አዲስ አወጣሁ። ገንዘቡን ለማስመለስ ባንኩን እስከ ዛሬ እየለመንኩ ነው።

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የከፈልኩት በዴቢት ካርድ ነበር፤ ገንዘቡ ቀጥታ ከኪሴ ወጥቷል። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ የታየበት የካርዱ ወርኃዊ የሒሳብ መግለጫ ከተላከልኝ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር እችል ነበር፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ያንን ሒሳብ አልከፍልም። በዜል (እዚህ በስልክ ገንዘብ የምንላላክበት ነው) ወይም በቴሌብር «ለዚህ ሰው ስልክ ላኩ» ከተባላችሁ ግን ባትልኩት ይሻላል። የኮንሰርት ትኬት በግለሰብ ስልክ ሲሸጥ ተጠራጠሩ።

እውነተኛ ስርጭትም ይበላሻል እኮ። በግንቦት 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ የግላስተንበሪ ፌስቲቫል አዘጋጆች፣ በኮሮና ምክንያት ሕዝብ መሰብሰብ ስላልቻሉ፣ ከእርሻ ቦታቸው በ20 ፓውንድ ትኬት ኮንሰርት አሰራጭተው ነበር። ብዙ የከፈለ ሰው ኮዱን ሲያስገባ «ትክክል አይደለም» ተባለ። አዘጋጆቹ በዚያው ምሽት ይቅርታ ጠየቁ፣ ያለ ኮድ የሚከፈት ሊንክ ለቀቁ፣ በኋላም ደግመው አሳዩት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ችግር ሲፈጠር የሚጠየቅ ሰው አለ። እኔ ኢሜይል የላክሁለት አድራሻ «የለም» ብሎ ነው የመለሰልኝ።

አሁን አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። አስተያየት ውስጥ ያለ ሊንክ አልነካም። ዘፋኙ ራሱ ገጽ ሄጄ፣ ድሮ የለጠፋቸውን እስከ ታች ወርጄ አያለሁ፤ የውሸቱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሳምንት ዕድሜ ነው ያለው። ፖስተሩ ላይ ያለውን አዘጋጅ «በእርግጥ ይተላለፋል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ነው። «ነጻ ነው፣ ካርድዎን ለማረጋገጫ ብቻ ያስገቡ» የሚለውንማ ባላወራው ይሻላል። ነጻ ነገር ካርድ ምን ያደርግለታል?

የሚያናድደኝ 20 ዶላሯ ብቻ አይደለችም። ካሴት ከሞተ ወዲህ ዘፋኝ እንጀራ የሚበላው በመድረክ ነው። በፈረንጆች 2020 በኮሮና መድረኩ ሁሉ ሲዘጋ ኮሪያዎቹ ዘፋኞች ቢቲኤስ በሰኔ ወር አንድ ኮንሰርት በኦንላይን ሸጠው ከ750 ሺህ በላይ ተመልካች አገኙ። ያኔ ብዙ ሰው አዳራሽ አበቃለት ብሎ ነበር። እኔ አይመስለኝም፤ ላቡና ግፊያው በገመድ አይመጣም። ግን ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ የዕረፍት ቀን ለሌላት ልጅ፣ ስልኳ ነው አዳራሿ። ሐቀኛ አዘጋጅ ነገ መጥቶ በ10 ዶላር እውነተኛ ስርጭት ቢሸጥላት ትገዛው ነበር። እነዚህ ሰዎች ቀድመው ካቃጠሏት ግን፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እማዬ አሁኑኑ «ሁለተኛ በካርድ ዘፈን አላይም» ብላለች። የዚያ ዘፋኝ አንድ ደንበኛ ጠፋ ማለት ነው፤ እሱ መጥፋቷን እንኳ አያውቅም።

ይህን ዛሬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት አንድ የገና ዋዜማ ኮንሰርት ፖስተር ሥር ስሜን ጠቅሰው ጠሩኝ። ገጹ ሌላ ነው፣ ዘፋኙም ሌላ ነው። ሳልከፍል እስከ መጨረሻው ገብቼ አየሁት፤ ያው ቀይ «ቀጥታ»፣ ያው ከ30 የሚነሳ ሰዓት። ኮንሰርቱ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።