ሐረር ለምትሄዱ፦ «አላውቅም» የሚል አስጎብኚ አግኝቻለሁ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር ሐረር ላይ አንድ ቀን ተኩል ይዞን የዞረውን አስጎብኚ ለማመስገን ነው። ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ጠይቆኛል። «ማህበራችን ውስጥ ብዙ ልጆች አሉ፣ እኔን ብቻ ለይተህ ብታወጣ ደስ አይላቸውም» አለኝ። ስለዚህ የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ።

እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ሐረር ነው። አያቴ ጦር አካዳሚው ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ነበራቸው፣ በግንብ በተከበበው አሮጌው ከተማ በጀጎል ውስጥም ቤት ተከራይተው እስከ 1969 ዓ.ም. ኖረዋል። የሶማሌው ጦርነት ሲቃረብ ቤተሰቡ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። እማዬ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። እኛ ግን ቤቱን ሳናየው በቃላችን ይዘነዋል፦ አረንጓዴ በር፣ ሁለት ደረጃ፣ ከጎኑ መስጊድ። ዘንድሮ ጉልበቷ እየባሰ ሲመጣ «ሳልሰነካከል አንዴ ልየው» አለች። አውሮፕላን ለድሬዳዋ አለ ብንላትም መንገዱንም ማየት እንደምትፈልግ ነግራን በመኪና ወጣን። እኔ፣ እሷና ታናሽ እህቴ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። እስከ አዳማ በፍጥነት መንገዱ፣ ቁርስ አዋሽ፣ ከዚያ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ደግሞ እንደ ቁጥሩ አይደለም። ጨለንቆ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታውን ስናወጣ እሱም አየር የለውም፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። አንድ የአይሱዙ ሹፌር አየር ሞልቶልን፣ ክሪኩንም ራሱ ይዞ ቀየረልን። ገንዘብ ስሰጠው ተቆጣኝ። ለሱም ምስጋናዬ ይድረሰው። ጨለንቆ ጎሚስታው ጎማውን እስኪጠግን ሻይ ጠጣን። ቁልቢ ላይ እማዬ ወርዳ ተሳለመች፣ ደንገጎን አልፈን አወዳይ ስንደርስ የጫት ገበያው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሐረር የገባነው አመሻሽ ላይ ነው።

እኔ ከስምንት ዓመት በፊት ለስብሰባ ሄጄ ጀጎልን አይቻለሁ። አይቻለሁ ስል፣ በሩ ላይ የጠበቀኝ አንድ ልጅ ሦስት ሱቅ ውስጥ አስገብቶ ሦስት ነገር አስገዝቶኝ ወጣሁ ማለቴ ነው። ግንቡ የሺህ ዓመት ነው ብሎኝ ነበር፣ እኔም ለሰው ሁሉ ሳወራው ኖርኩ። ስለዚህ አሁን አንድ ወዳጄ «በዚህ ሰው ሂድ» ብሎ ቁጥር ሲሰጠኝ ብዙም አልጠበቅኩም።

ጠዋት 2 ሰዓት ብለነው 2 ተኩል መጣ። ከባጃጁ ሲወርድ የመጀመሪያ ንግግሩ፦ «አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! ጉልበትሽን የሚያምሽ አንቺ ነሽ?»

ሐረርና ድሬ የኖረ ያውቀዋል፣ እዚያ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፣ ትልቅም ትንሽም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው። እማዬ ግን ወደ ሃምሳ ዓመት አዲስ አበባ ኖራ ረስታዋለች። ዞር ብላ «አንቺ አለኝ?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሳቀች። ዋጋውን መኪና ሳንነሣ ነገረን፣ ስንለያይም ያው ነበር፣ አንድ ብር አልጨመረም። የሱቁንም ነገር ራሱ አነሣው፦ «ከአንዳንድ ሱቅ ኮሚሽን አገኛለሁ። የማገኝበት ስንገባ እነግራችኋለሁ፣ መግዛት አለመግዛት የናንተ ነው።» እውነትም ስፌት የሚሸጥበት አንድ ቤት ስንገባ ጣቱን አንስቶ «እዚህ አገኛለሁ» አለ። እህቴ በሳቅ ሞተች፣ ግን ሌማት ገዛች።

እቅዱ ቀላል ነበር፦ ቁልቁሉን በእግር፣ ዳገቱን በባጃጅ። ግንቡን መጀመሪያ በውጭ አሳየን። ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ወደ 4 ሜትር ቁመት አለው፣ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። እኔ የሺህ ዓመቱን ተረት ሳወጣ «እሱ አንዳንድ መስጊዶቹ ናቸው እንጂ ግንቡ አይደለም» አለኝ። ጥንት አምስት በሮች ነበሩት፤ እኛ ሸዋ በር የምንለውን ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ ይሉታል፣ ኤረር በርን ደግሞ አርጎብ በሪ። መኪና የሚያልፍበት ሰፊው በር በኋላ የተከፈተ ነው። አሚር ኑር ግንቡ ሳያልቅ ጸጉሬን አልቆረጥም ብለው ተስለው ነበር የሚባለውንም ነገረን፣ ግን ሲጀምር «ይሄ የሚወራ ነው፣ የተጻፈ አይደለም» ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር። የሚወራውን ከተጻፈው፣ የተጻፈውን ካየው እየለየ።

ራምቦ ቤት ላይ ይሄ ጠባዩ ለይቶ ታየ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሐረር ውስጥ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የነበረ ሰው ነው፣ ያ ባለቀለም መስኮትና ባለሥዕል ጣሪያ ቤት ደግሞ በስሙ ሙዚየም ሆኗል። የኛ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ «ቤቱን ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ራምቦ እዚህ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ግን ከላይ ሆናችሁ ከተማውን የምታዩበት ቦታ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ለሱ ግቡ» አለን። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ይዞ ሲያልፍ የነበረ ሌላ አስጎብኚ ሰምቶት በሐረሪኛ የሆነ ነገር አለው፣ ተሳሳቁ። ምን እንዳለው አልነገረንም።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ በሚወስደው፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ላይ እማዬን ያየ ሰው ጉልበቷን ያማታል አይልም። ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይረግጣሉ። አያቴ ለፋሲካ ቀሚስ የሚያሰፉላት እዚሁ ነበር። የቀሚሷ ጫፍ ቁልቢ ላይ ስትወርድ ተተርትሮ ነበር፣ አስጎብኚያችን አየና አንድ ሽማግሌ ሰፊ ጋ በርጩማ አስቀመጣት። ሰውየው ቀሚሷን ሳታወልቅ ጫፉን ብቻ ስቦ መርፌው ሥር አስገባ፣ ሦስት ጊዜ ፔዳሉን ረገጠ፣ ክሩን በጥርሱ ቆረጠ። አለቀ። እማዬ ግን ከበርጩማው አልነሣም አለች። ድምፁን እየሰማች ዝም ብላ ተቀመጠች፣ እኛም ዝም አልን። እሱም ዝም አለ፣ ሰዓቱን እንኳን አላየም። ስንት አስጎብኚ ነው አፉን መዝጋት የሚያውቀው?

ከዚያ ቤት ፍለጋው። «ከጎኑ መስጊድ ያለው» ስትለው ሳቀ፦ «ማሚ፣ ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ። የትኛው?» አረንጓዴ በር ደግሞ እዚያ መፈለግ ባህር ውስጥ ጨው መፈለግ ነው። ግን አልተወውም። መስጊድ ደጃፍ የተቀመጡ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ፣ አንዱ ወደ አንዱ እየላከን ወደ ሁለት ሰዓት ዞርን። በመሐል መገራ ወገራ በሚባለው ጠባብ መንገድ አለፍን፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ከዚህና ከዚያ ቢመጡ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም። እማዬ በሁለት እጇ ግራና ቀኙን ግድግዳ ነካች። ጠዋት በመንገድ ጥያቄ ከእህቴ ጋር ተኮራርፈን ስለነበር ሁለታችንን አስቀድሞ አስገባን። ማን እንደነገረው አላውቅም።

ከሰዓት በፊት 5 ሰዓት ላይ አንድ በር አገኘን። አረንጓዴ። ከጎኑ ትንሽ መስጊድ። እማዬ ቆመች፣ «ይሄ ነው መሰለኝ» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እህቴ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀምራለች። እዚያ ላይ ነገሩ ማለቅ ይችል ነበር፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ሄደን ነበር። እሱ ግን ወደ መግቢያው አየና «ደረጃው ስንት ነበር ያልሽው?» አላት። ሁለት። የዚህኛው ደረጃ የለውም። አንኳኳ፣ የቤቱ እመቤት ወጣች፣ በሐረሪኛ ጠየቃት። ቤቱን አማቷ በደርግ መጨረሻ አካባቢ የሠሩት ነው፣ በፊት ባዶ ግቢ ነበር።

ተመልሶ መጥቶ እንዲህ አላት፦ «አይደለም ማሚ። ነው ብልሽ አንቺም ታለቅሽ ነበር፣ እኔም ጥሩ ጉርሻ አገኝ ነበር። ወላሂ አይደለም።»

እኔ በውስጤ ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም። ትንሽ ቢዋሽላት ምን ነበረበት ብዬ። እማዬ ግን እንባዋን ጠርጋ «ደግ አደረግህ ልጄ» አለችው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የሱ እንጂ የኛ እናት አልነበረችም፣ ክንዱን ይዛ ነው የተጓዘችው።

ቤቱን ስላላገኘን ይመስለኛል፣ እንግዳ የሚያሳድር አንድ የሐረሪ ቤት ወሰደን። የሐረሪ ቤት ውስጡ መደብ በመደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፣ እያንዳንዱ ቦታ የሚቀመጥበት ሰው አለው፦ አሚር ነደባ ለቤቱ ጌታ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ጥግ ላይ የተደበቀው ሱትሪ ነደባ። ግድግዳው ሳህንና ስፌት ለብሷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው፤ እህቴን እያየ «እናንተስ ቤት ስንት ምንጣፍ አለ?» አላት። እማዬ ሳታስበው አሚር ነደባው ላይ ልትቀመጥ ካለች በኋላ ብድግ አለች። የአከራያቸው ሚስት «እዚያ አትውጪ!» እያሉ በልጅነቷ ይቆጧት እንደነበር ትዝ አላት። ይህንን ከዚያ በፊት ነግራን አታውቅም።

ወለሉና መደቡ ቀይ ቀለም የተቀባው ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረገው ጨለንቆ ላይ ነው፣ እዚያ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ትናንት ጎማ እያስጠገንን ሻይ የጠጣንባት ጨለንቆ። ይህን ሲነግረን ድምፁን አልቀየረም፣ እኛን እንደ ሸዋ ሰው አይቶ አልዘለለውም፣ አጋንኖም አላስደነገጠን። ቡና ቀረበ፣ ጠጣን።

ሌላውን ላሳጥር። የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አይታለፍም፣ ራስ ተፈሪ የነበሩበት ቤት ውስጥ ነው፤ አሮጌዎቹን የእጅ ጽሑፎች ለማየት ብቻ አንድ ሰዓት ያዙ። ግድር መጋላ ሥጋ ይዛችሁ ስትወጡ ወደ ላይ እያያችሁ ሂዱ፣ ጭላቶቹ ከእጅ ይነጥቃሉ። ማታ ሰው ጅብ የሚያበላበት ቦታ ወስዶናል፤ እኔ በእንጨት አጎረስኩ፣ እማዬ ከመኪና አልወርድም አለች። ለሷ ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ አሳያት፣ ያንን ከልጅነቷ ታስታውሰዋለች።

ጉድለቱንም ልናገር። ያረፍዳል፣ ግማሽ ሰዓት ለሱ ምንም አይደለም። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ደግሞ የበርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያ ሰዓቱ ነው፣ ቢሞት አይሠራም፣ እሱንም አስቀድሞ በስልክ ነግሮኛል። ስለዚህ ጠዋቱን በደንብ ተጠቀሙበት።

ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ ላከ። አረንጓዴ በር፣ ሁለት ደረጃ። ከሥሩ «ለማሚ አሳያት። እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው፣ አስፍታ አየችው። «አይደለም፣ የኛ ደረጃ ድንጋዩ የተሰበረ ነበር» አለች። ያንኑ ጻፍኩለት። «እሺ፣ አንዱ ተቀነሰ» ብሎ መለሰ።

ዓርብ ለጁምዓ ስለሚሄድ ከ6 ሰዓት በኋላ አትቅጠሩት። ሽማግሌ ወይም እግሩን የሚያመው ሰው ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ባጃጅ የሚያሽከረክረው ጎረቤቱ ስለሆነ እሱ ራሱ ያመቻቻል።