ጥፋቱ የምጣዱ አልነበረም፦ ስለ ክላምፕ ሜትሬ

ይሄን ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦ በመንጋጋው አቅፎ ኮረንቲ የሚለካውን ዕቃ፣ መርካቶ ከገዛሁት ሦስት ወር ሆነኝ። ስሙን አልጽፍም፤ ያው ዕቃ በተለያየ ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። ዋጋም አልጽፍም፤ እናንተ ገበያ እስክትወጡ ይለወጣል። ከተራው ቴስተር እጥፍ ገደማ ነው ብላችሁ ያዙት። ያወጣል ወይ? አዎ፣ በተለይ ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ።

ለመግዛት የተነሳሁት በእናቴ ምክንያት ነው። ማታ ማታ ምጣዱ አልግል እያለ፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ እየቀረ ተቸገረች። ምጣድ የሚጠግነው ሰው "ሬዚስታንሱ ደክሟል፣ ይቀየር" አለን፤ ውስጥ ያለውን የሚግለውን ሽቦ ማለቱ ነው። ሻጩ ደግሞ ሲሸጥልን 3500 ዋት ነው ብሎ ነበር። ማንን እንመን? እኔ መለካት ይሻላል አልኩ።

ተራ ቴስተር ለዚህ አይሆንም። ብዙዎቹ የሚችሉት እስከ 10 አምፒር ነው፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ። 3500 ዋትን ለ220 ቮልት ብታካፍሉት 15.9 አምፒር ይመጣል፣ ስለዚህ ምጣድ በዚያ ቴስተር ውስጥ ማሳለፍ ዕቃውንም ራስንም አደጋ ላይ መጣል ነው። ክላምፕ ግን ሽቦ አያስቆርጥም። መንጋጋውን ከፍታችሁ ሽቦውን ማቀፍ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚታቀፈው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ገመዱን እንዳለ ካስገባችሁት የሚሄደውና የሚመለሰው ኮረንቲ ስለሚጣፉ ዜሮ ያሳያችኋል። እኔ አጭር ማራዘሚያ ወስጄ፣ ከሶኬት ነቅዬ፣ የላይኛውን ላስቲክ ብቻ ገፈፍኩለት። የውስጥ ሽቦዎቹ ልባስ እንዳለ ነው፣ ያንን መንካት የለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቮልቱን ለአምፒሩ ስታካፍሉ ኦም ይሰጣችኋል፣ ሬዚስታንሱ ኮረንቲን የሚቋቋምበት መጠን ማለት ነው። ቮልቱን በአምፒሩ ስታባዙ ዋት። በቃ።

ጠዋት ምጣዱ እንደበራ ሶኬቱ ላይ 207 ቮልት፣ ሽቦው ላይ 14.5 አምፒር አገኘሁ። ሲካፈል 14.3 ኦም፣ ሲባዛ 3000 ዋት ገደማ። ማታ ያው ሶኬት 186 ቮልት፣ 13 አምፒር። ሲካፈል አሁንም 14.3 ኦም! ሲባዛ ግን 2418 ዋት ብቻ። ይሄንን ሳይ ነው የገባኝ። ሬዚስታንሱ ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ ምንም አልሆነም። የጎደለው ቮልቱ ነው፤ ቮልት በአሥር በመቶ ሲወርድ አምፒሩም አብሮ ስለሚወርድ ኃይሉ ወደ ሃያ በመቶ ይጎድላል። ሻጩም አልዋሸም ማለት ይቻላል፤ 220 ቮልት ሙሉ ቢያገኝ በ14.3 ኦም 3385 ዋት ይሆናል፣ ከ3500 ብዙም አይርቅም።

ሌላው ደግሞ ይብሳል። በዚያው ማታ ብሬከሩ ጋ በቴስተሩ ጫፎች ስለካ 201 ቮልት አለ። ሶኬቱ ላይ 186! 15 ቮልት መንገድ ላይ የት ገባ? 15ን በ13 አባዙት፣ 195 ዋት። ይሄ ሁሉ ሙቀት ግድግዳ ውስጥ ባለው ቀጭን ሽቦና በላላው ሶኬት ላይ እየተቃጠለ ነበር። ሶኬቱ ሲነካ ለምን እንደሚሞቅ ያኔ ገባኝ፤ እናቴ ደጋግማ ነግራናለች፣ የሰማት ግን አልነበረም። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ለምጣዱ ለብቻው ወፈር ያለ መስመር ከብሬከሩ አስዘረጋን፣ ሶኬቱንም ቀየርን። ያን ማታ 199 ቮልት፣ 13.9 አምፒር፣ 2766 ዋት ሆነ። ወደ 350 ዋት የሚጠጋ ተመለሰልን፣ ሬዚስታንስ ሳንቀይር። እንጀራውም ዓይኑን አወጣ።

ቮልት ሲወርድ ቢል ይቀንሳል የምትሉ አላችሁ። ለምጣድ አይሠራም። ምጣዱ ሲደክም ጋገራው ይረዝማል፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው ደግሞ ዋቱን ከሰዓቱ ጋር ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የአምፒር ንባቡ ጥሩ ነው፣ በምጣድ ደረጃ ሲሆን ረጋ ብሎ ይቆማል። ለትንንሽ ነገር ግን ይዋልላል። የስልክ ቻርጀር ለመለካት አንዱን ሽቦ መንጋጋው ላይ አሥር ጊዜ ጠምጥሜ ንባቡን ለአሥር አካፈልኩት፣ ተሻለ። የኦም ንባቡ ደካማ ጎኑ ነው። ሁለቱን ጫፎች ሳነካካቸው ዜሮ ሳይሆን 0.4 ኦም ያሳያል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልኬት ላይ እሱን መቀነስ አለባችሁ። በኦም የምትለኩት ደግሞ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። ኮረንቲ ባለበት ሞክራችሁ ዕቃውን እንዳታቃጥሉት፣ እናንተም እንዳትጎዱ። አብሮት የመጣው ገመድ ቀጭን ነው፣ ጫፉም ቶሎ ይላላል፤ ደህና ገመድ ለብቻ ግዙ።

ለፍሪጅ ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ሞተር ስላለው ቮልት ሲባዛ በአምፒር ከትክክለኛው ዋት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለውሃ ማሞቂያ ግን ሒሳቡ ልክ ይመጣል።

ሶላር ያላችሁ ይሄንን አትግዙ። የእኔ የሚለካው የግድግዳውን ኮረንቲ ብቻ ነው፣ የባትሪና የፓነል ሽቦ ሲያቅፍ ምንም አያሳይም። ስትገዙ ዲሲ አምፒር (የባትሪና የፓነሉን ኮረንቲ) የሚለካ መሆኑን መንጋጋውን እዚያው ባትሪ ላይ ካለ ሽቦ ላይ አስሞክራችሁ እዩ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ለእናንተ የሚሆነው እሱ ነው።