ኬብል ኢንተርኔት በትሬለር ውስጥ፦ ኤስቢ8200 ሞደም ከወራት በኋላ

የምኖረው ዳላስ አካባቢ፣ በመኪና በሚጎተት ቤት (ትሬለር) ውስጥ፣ ቦታው በወር በሚከራይ የትሬለር ፓርክ ነው። ሥራዬ ለሆስፒታሎች በስልክና በቪዲዮ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ አማርኛ ተናጋሪዋ ታካሚ በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል። መስመሩ ጥቂት ሰከንድ ቢቆረጥ፣ የተቆረጠው ቃል የመድኃኒቱ መጠን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኢንተርኔት አልደራደርም።

የፓርኩ ዋይፋይ አያዋጣም። የትሬለሬ ግድግዳ በአሉሚኒየም የተሸፈነ ስለሆነ ሲግናሉን ውጭ ያስቀረዋል። የሞባይል ሆትስፖት ማታ ሰው ሲበዛ ይጎተታል። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፤ የእኔ ቦታ ዛፍ ሥር ነው። የቀረው በቲቪ ኬብል መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ነበር።

ሞደሙን፣ ማለትም ከኬብሉ ኢንተርኔት የሚያወጣውን ሳጥን፣ ከኢንተርኔት ድርጅቱ መከራየት ይቻላል። እኔ የራሴን ገዛሁ፦ አሪስ ሰርፍቦርድ ኤስቢ8200። ዶክሲስ 3.1 (የኬብል ኢንተርኔት ደረጃ) ነው። ፋን ስለሌለው አየር የሚያገኝበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት። ዋይፋይም የለውም፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጭ ራውተር ለብቻው ያስፈልጋል። ይህን ወድጄዋለሁ። ራውተሩ ሲያረጅ ሞደሙ ሳይነካ ይቀየራል። ስትገዙ ሞደሙ በአካባቢያችሁ ድርጅት ተቀባይነት ካላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ።

ምዝገባው ላይ አድራሻ አስቸግሮኝ ነበር። የፓርኩ አድራሻ ድርጅቱ ጋ አለ፤ የእኔ የቦታ ቁጥር ግን የለም። ስልክ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያቀባብሉኝ ዋሉ። የፈታው የፓርኩ ቢሮ ነው። አድራሻው ድርጅቱ ጋ እንዴት እንደተጻፈ ያውቃሉና እንዳለ ጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ ከሞደሙ ሥር ያለውን የማክ አድራሻ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) መንገር ብቻ ነበር የቀረው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ሰው ትሬለሩ ጎን ላይ ያለውን «ኬብል» የሚል ቀዳዳ አይቶ፣ ገመዱን እዚያ ሰክቶ፣ ሞደሙን ከቲቪው ጀርባ ካለው መሰኪያ ላይ ያያይዛል። ቲቪው ይሠራል፤ ኢንተርኔቱ ግን ወይ አይመጣም፣ ወይ እየመጣ ይሄዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቲቪ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሞደም ግን መልሶ ይልካል፣ የሚልከውም ቲቪው በማይጠቀምበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ደግሞ የተዘረጋው ለቲቪ ነው። መጀመሪያ የጣሪያው አንቴና ማጉያ አለ፤ ትንሿ መብራቱ በርታ ከሆነ ማጉያው የኬብሉን መስመር ይዘጋዋል፣ መጥፋት አለበት። ቀጥሎ ለመኝታ ቤቱ ቲቪ የሚያካፍል ስፕሊተር አለ። ለሁለት የሚከፍል አንድ ስፕሊተር ብቻውን ከሲግናሉ 3.5 ዲሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ይበላል። ገመዱም ብዙ ጊዜ ቀጭኑ፣ ሲግናሉን ይበልጥ የሚያባክነው አርጂ-59 ነው።

ሞደሙን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.100.1 ብላችሁ ብትጽፉ የራሱን ገጽ ያሳያችኋል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። የሚመጣው ሲግናል በ-7 እና በ+7 መካከል ቢሆን ጥሩ ነው (ገጹ ላይ መለኪያው dBmV ተብሎ ተጽፏል)። የሚልክበት ኃይል ደግሞ 50 ሲያልፍ ሊያሳስባችሁ ይገባል። ርቆ የቆመ ሰው ለመሰማት ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ሞደሙም መንገድ ላይ የሚበላበት ሲበዛ ኃይሉን ይጨምራል። በግድግዳው መስመር ስሞክረው የሚመጣው -11፣ የሚላከው 53 ነበር።

መፍትሔው የግድግዳውን መስመር መተው ነው። ውጭ ያለውን የቀዳዳውን ክዳን ፈታሁ። ከጀርባው የተያያዘውን የድሮ ገመድ ነቅዬ አዲስ አርጂ-6 (ወፍራሙን ገመድ) አሰርኩ። ገመዱን በመመገቢያው ወንበር ሥር አሳልፌ ቀጥታ ወደ ሞደሙ ወሰድኩት። ስፕሊተር የለም፣ ማጉያ የለም። ጫፎቹ በመሣሪያ የሚጨመቁት ዓይነት ይሁኑ፤ በእጅ ተጠምዝዘው የሚገቡትን አልመክርም። ኮኔክተሩን በእጅ ካጠበቃችሁ በኋላ በ11 ሚሊሜትር ቁልፍ ትንሽ ጨምሩለት። ቁጥሮቹ ወዲያው ወደ -2 እና 44 መጡ።

ለወራት ሰላም ሆነ። ሐምሌ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ መስመሩ መጥፋት ጀመረ። ማታ ይመለሳል፣ በማግስቱ ያው ነው። የሞደሙ መዝገብ ላይ «ቲ3 ታይምአውት» የሚል መልእክት ተደርድሯል፤ ሞደሙ ልኮ መልስ አላገኘም ማለት ነው። ድርጅቱ ጋ ስደውል ችግሩ ሞደሜ እንደሆነ ነገሩኝ፣ የእነሱን እንድከራይም መከሩኝ። የጠዋቱንና የከሰዓቱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ጠበቅኩ። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ፎቶዎቹን አየ፣ አልተከራከረም፣ ቀጥታ መብራት የምንሰካበት ምሰሶ አጠገብ ወዳለው ሳጥን ሄደ። ኮኔክተሩን ሲፈታው የመሃሉ የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር። ውሃ ገብቶበታል። ሙቀት ሲመጣ ብረቱ ይለጠጣል፣ የላላው ግንኙነት ይባስ ይላላል። ቆርጦ አዲስ ጫፍ ገጠመለት፣ አለቀ። እኔም ገመዱ ወደ ትሬለሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንዲንጠለጠል አደረግኩት፤ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይሄድም።

መብራትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ትሬለሬ ባለ 30 አምፒር ነው። ኤሲው እየሠራ ማይክሮዌቭ ከተከፈተ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ሞደሙ ጠፍቶ ሲነሳ መስመር እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ እስከዚያ ታካሚዋ ሌላ አስተርጓሚ ተፈልጎላታል። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ገዝቼ ሞደሙንና ራውተሩን እሱ ላይ ሰካሁ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው። አሁን ብሬከሩ ቢወርድም ጥሪው ይቀጥላል። ለዚህ ኑሮ ከሞደሙ ቀጥሎ ያወጣሁት ጥሩ ገንዘብ ይህ ነው። መብረቅ ሲመጣ ግን ዩፒኤስ ላይ አትተማመኑ፤ ሥራ ላይ ካልሆናችሁ የኬብሉን ገመድም ንቀሉ።

ኤስቢ8200ን እንደገና እገዛው ነበር? አዎ፣ አንድ ቦታ ወራት ለሚቀመጥ ሰው። በየሳምንቱ ለሚንቀሳቀስ ግን ኬብል አይሆንም። አገልግሎቱ ከአድራሻ ጋር የታሰረ ነው፣ ሌላ ፓርክ ሌላ ድርጅት ሊኖረው ይችላል። ቦታ ከመከራየታችሁ በፊት ምሰሶው አጠገብ ያለው ሳጥን ውስጥ የኬብል መስመር መኖሩን የፓርኩን ቢሮ ጠይቁ፤ ከጎን ያለውን ጎረቤትም ማታ ማታ እንዴት እንደሚሠራለት ጠይቁት።