የአይቲ ሥራን ለውጭ ድርጅት መስጠት ወይስ የራስ ባለሙያ መቅጠር? ንጽጽር

ብዙ ገዢ የቅጥር ባለሙያውን ደመወዝና የአገልግሎት ሰጪውን ወርኃዊ ክፍያ ጎን ለጎን አስቀምጦ ርካሹን ይመርጣል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ሰዓቱ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ባለሙያ ሩቡን እንኳ አይሸፍንም። ፈቃድ ሲወጣ፣ ሲታመም ወይም የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲለቅ ደግሞ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል። የውጭ ድርጅት ጋ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካዋል፤ ኔትወርኩን፣ ሴኩሪቲውንና ባክአፑን (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂውን) የሚከታተሉት ሰዎችም የተለያዩ ናቸው።

የውስጡ ሰው የሚበልጠው ቤቱን በማወቁ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ወር በሚዘጋበት ምሽት ሲስተሙ እንደማይነካ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። የውጭው ቡድን ግን በተያዘለት ፕሮግራም አፕዴት ጭኖ ሰርቨሩን አጥፍቶ ሊያስነሳው ይችላል፣ አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር።

ሲበላሽ ብቻ ቴክኒሻን መጥራትም አለ። ጥቂት ላፕቶፕ ላለውና ፋይሉን ሁሉ ክላውድ ላይ ላስቀመጠ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነ አልመክረውም፤ ገቢው ከብልሽት የሚመጣ ሰው ብልሽት እንዳይደርስ የሚደክምበት ምክንያት የለውም።

ወደ ውጭ ድርጅት ካዘነበሉ ውሉን ቀስ ብለው ያንብቡ። «በ1 ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» ማለት አንድ ሰው ጥያቄዎን ተቀበለ ማለት እንጂ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም፤ የመፍቻው ጊዜ ለብቻው ይጻፍ። ሲስተሙ «99.9 በመቶ» የሚሆነውን ጊዜ ሳይቋረጥ ይሠራል የሚለው ቃል ኪዳን በዓመት 9 ሰዓት ገደማ መቋረጥን ይፈቅዳል፣ 99 በመቶ ደግሞ ከ3 ቀን ተኩል በላይ። በዓመት የሚለካ ከሆነ ያ ሁሉ ሰዓት በአንድ የሥራ ሳምንት ላይ ቢወድቅ እንኳ ውሉ አልፈረሰም።

ደህንነቱ ላይ ሁለቱም ወገን ድክመት አለው። ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ሁሉንም ሊከታተል አይችልም። አገልግሎት ሰጪው ደግሞ የብዙ ደንበኞችን ቁልፍ በአንድ እጅ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 አጥቂዎች ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች በሚጠቀሙበት፣ ካሴያ የተባለ ኩባንያ በሠራው ሶፍትዌር በኩል ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) አሠራጩ፤ ካሴያ ራሱ የተጎዱትን ንግዶች እስከ 1,500 ገምቷቸዋል። የስዊድኑ የሱፐርማርኬት ድርጅት ኩፕ፣ ሶፍትዌሩን ይጠቀም የነበረው እሱ ራሱ ሳይሆን አገልግሎት አቅራቢው ሆኖ ሳለ፣ የገንዘብ መቀበያ ማሽኖቹ ስለቆሙ አብዛኞቹን ሱፐርማርኬቶቹን ዘግቷል።

እኔ የምመርጠው ቅልቅሉን ነው፦ የዕለት ጥገናው፣ ክትትሉና ባክአፑ ለውጭ፤ ውሉን የሚቆጣጠርና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ግን ከውስጥ። ድርጅቱ በራሱ ያሠራው ልዩ ሶፍትዌር ካለ እሱን የሚያውቅ ባለሙያ ቅጥር ይሁን፤ እዚህ ላይ ቁጠባ አያዋጣም።

በየትኛውም መንገድ ዶሜይኑ (የድረ ገጽዎና የኢሜይልዎ አድራሻ ስም) እና ሁሉን የሚያዝዘው ዋናው የአድሚን አካውንት በእርስዎ ድርጅት ስም ይመዝገቡ። በአገልግሎት ሰጪው ኢሜይል ከተመዘገቡ፣ ውሉ በጠብ ሲቋረጥ የፓስወርድ መቀየሪያው ኮድ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ከመፈረምዎ በፊትም ባክአፕ አለን ሲሉዎት በቃል አይለፉት፤ አንድ ፎልደር እዚያው ፊትዎ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ይያዙ።